ለብቻ አይገባም
(ኅዳር 12 ቀን ለአዲስ ገቢ ነርሶች ከተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ።

ወደዚህ ስትመጡ ጭሱን አይታችሁታል። ዛሬ ኅዳር 12 ነው። በየሰፈሩ ቆሻሻው ተጠርጎ፣ ተከምሮ ይነዳል። «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ልጆች ሆነን እሳቱን እንወደው ነበር። ለምን እንደሚነድ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔ ምክንያቱን ያወቅኩት ነርሲንግ ተምሬ ነው። ፈረንጆቹ 1918 በሚሉት፣ በእኛ 1911 ዓ.ም.፣ ያ ዓለሙን ያዳረሰ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ። «የኅዳር በሽታ» ተባለ። ከተማዋ ቀባሪ እስክታጣ ድረስ ሰው ወደቀ። ጭሱ የዚያ መታሰቢያ ነው።

በዚያ ኅዳር ለታመመ ጎረቤት ውሃ ሲያቀብሉ የሞቱ ነበሩ። የብዙዎቹ ስም አልተጻፈም። እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። በሽታውን እናስታውሳለን፣ ጭሱን እናስታውሳለን፣ ውሃ ያቀበለውን ሰው ግን እንረሳለን።

አስተባባሪዎቹ የጠሩኝ ስለ ጓደኛዬ እንድናገር ነበር። አንዳንዶቻችሁ ታውቋታላችሁ። በኮቪድ ጊዜ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስትሠራ ነው ያጣናት። ቤተሰቧ ስሟ መድረክ ላይ እንዲወጣ አይፈልጉምና አልጠራውም። ሲስተር ብቻ ልበላት። መጀመሪያ አልችልም አልኩ። ስለ እሷ ልናገር ብዬ ስጀምር ድምፄ ይከዳኛል። በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንድ የአዳር ተረኛ የሆንንበት ሌሊት፣ ዋርዱ ጸጥ ብሎ ሻይ ይዘን ተቀምጠን ሳለ፣ ስለ አንድ ኡጋንዳዊ ሐኪም ነግራኝ ነበር። ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። በአካል አግኝታው አታውቅም። ግን እንደ ጓደኛዋ ነው የምታወራው። ከዚያ ወዲህ ለእኔም ጓደኛ ሆነብኝ። እና ዛሬ በእሱ በኩል ዞሬ ወደ እሷ ልምጣ። በዚያ መንገድ ከመጣሁ እችላለሁ።

ስሙ ዶክተር ማቲው ሉክዊያ ነው። አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር። ግን የሞተው ገና በ43 ዓመቱ ነው፣ ዛሬ እኔ እበልጠዋለሁ። ስለዚህ እሱ ብለው አትቀየሙኝ።

ማቲው የሰሜን ኡጋንዳ ልጅ ነው። ከአቾሊ ብሔረሰብ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ኪትጉም በሚባል አካባቢ ተወለደ። አባቱ ዓሣ ይነግድ ነበር። ማቲው ልጅ ሳለ ውሃ ወሰደው። እናቱ ሻይ ቅጠል ወደ ሱዳን ድንበር አሻግራ በሳሙና እየለወጠች ልጆቿን አሳደገች። ልጁም ሻይ ቅጠሉን በብስክሌት ጭኖ ድንበር መሻገር ተማረ። በትምህርቱ ግን የሚደርስበት አልነበረም። ከአንዱ ነጻ የትምህርት ዕድል ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ሐኪም ሆነ።

በ1983 እ.ኤ.አ. ለልምምድ የገባው ላኮር ነው። ቅድስት ማርያም ላኮር ሆስፒታል፣ ጉሉ ከተማ አጠገብ። ሆስፒታሉን ያቋቋሙት ሚሲዮናውያን ናቸው። እዚህ ያደረሱት ግን አንድ ባልና ሚስት ናቸው ማለት ይቻላል። ባልየው ጣሊያናዊው የሕፃናት ሐኪም ፒየሮ ኮርቲ ነው። ሚስቱ ካናዳዊቷ ቀዶ ሐኪም ሉሲል ቲስዴል ናት። በ1961 እ.ኤ.አ. መጡ፣ በዚያው ቀሩ። ሉሲል የጦርነት ቁስለኞችን ስታክም፣ የተሰበረ አጥንት እጇን እየወጋት፣ ኤችአይቪ ያዛት። እያወቀችም ለዓመታት ቀዶ ሕክምናውን አላቆመችም። በ1996 እ.ኤ.አ. ሞተች። የተቀበረችው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ይቺን መቃብር ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ወጣቱን ሐኪም ካዩት ብዙም ሳይቆዩ «ተተኪያችን ይሄ ነው» አሉ። ማቲው ወደ እንግሊዝ፣ ሊቨርፑል ሄዶ የሕፃናት የትሮፒካል በሽታዎችን አጠና። እጅግ ጥሩ ውጤት አመጣ። እዚያው ቀርተህ አስተምር ተባለ። እምቢ ብሎ ጦርነት ወዳለበት ጉሉ ተመለሰ። ይሄን ሳስብ ስለ ራሳችን ሰዎች አስባለሁ። የሄደውን አልወቅስም፣ የሚሄድበትን ምክንያት አውቃለሁ። ግን የተመለሰውን ደግሞ ስሙን ጠርቼ ማመስገን እፈልጋለሁ።

አሁን ስለ ልቡ ልንገራችሁ።

በ1989 እ.ኤ.አ. በስቅለት ዕለት አማፂዎች ሆስፒታሉ ግቢ ገቡ። የሆስፒታሉን ሴት መነኮሳት ሊወስዱ ነው የመጡት። ማቲው ወጥቶ አናገራቸው። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። «እነሱን ተዉአቸው፣ እኔን ውሰዱኝ» አላቸው። ወሰዱት። የሐኪም ጋውኑን እንደለበሰ ለአንድ ሳምንት በጫካ መሩት። ከዚያ ለቀቁት። ወደ ሥራው ተመለሰ።

ነገሩን ቀለል አድርጋችሁ አትስሙት። ጠመንጃ የያዘ ሰው ፊት ቆሞ በለሆሳስ መናገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት። የሚያውቁት ሁሉ ማቲው ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር ይላሉ። እሱ ፕሮቴስታንት ነው፣ ሆስፒታሉ የካቶሊክ ነው። ይሄ በመካከላቸው ቅራኔ ሆኖ አያውቅም። ጦርነቱ ሲብስ ደግሞ የግቢውን በር ከፈተ። ልጆቻችን ይታፈናሉ ብለው የፈሩ እናቶች ምንጣፋቸውን ተሸክመው ማታ ማታ ይመጣሉ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሆስፒታሉ ቅጥር ውስጥ አድሮ ጠዋት ይበተናል። የሆስፒታል አስተዳዳሪ የሆናችሁ እዚህ ካላችሁ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ውሃው፣ ሽንት ቤቱ፣ ጥበቃው ሁሉ ሐሳብ ነው። እሱ ግን በሩን አልዘጋም።

ወደ መስከረም 1993 ዓ.ም. ልውሰዳችሁ።

ማቲው በዚያን ጊዜ ከባለቤቱና ከአምስት ልጆቹ ጋር ካምፓላ ነበር። በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል። ከስንት የጦርነት ዓመት በኋላ ቤተሰቡ ዕረፍት ያገኘበት ጊዜ ነው። መስከረም 27፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 7 ቀን 2000፣ ከላኮር ስልክ ተደወለ። ተማሪ ነርሶች እየሞቱ ነው፣ በሽታው አልታወቀም አሉት። ያንኑ ቀን ተነሥቶ ማታ ጉሉ ገባ። ሲደርስ ሌላ ተማሪ ነርስ ደም እያስታወከ ሲሞት አየ።

ያን ሌሊት አልተኛም። ከአንዲት የሆስፒታሉ መነኩሲት ጋር ተቀምጦ የሟቾችን ካርድ አንድ በአንድ አገላበጠ። ትኩሳት፣ ትውከት፣ ደም። 17 ተመሳሳይ ታማሚ አገኘ። መጻሕፍቱንና የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ አወጣ። ሲነጋ ኢቦላ ነው ብሎ ጠርጥሯል። በኡጋንዳ እስከዚያ ጊዜ የኢቦላ ወረርሽኝ ታይቶ አያውቅም።

ከዚያ ያደረገውን እዩ። በደብዳቤ ከታች ወደ ላይ ሪፖርት ይድረስ ብሎ አልጠበቀም። የተለመደውን መስመር ዘልሎ ካምፓላ ለጤና ሚኒስቴር ኃላፊ በቀጥታ ደወለ። ናሙና እስኪወሰድና ውጤት ከደቡብ አፍሪካ ላቦራቶሪ እስኪመጣ ድረስም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ማግለያ ክፍል ለየ። እዚያ የሚሠሩት በፈቃዳቸው እንዲሆን አደረገ፣ የመጀመሪያው ፈቃደኛ ራሱ ነው። ውጤቱ ኢቦላ ነው ብሎ ሲመጣ ላኮር ሥራውን ጀምሮ ነበር። ወረርሽኝ ላይ አንድ ቀን ስንት ሰው እንደሆነ የሠራችሁበት ታውቃላችሁ።

ስለ በሽታው ትንሽ ልበል። ኢቦላ በትንፋሽ ብቻ እንደ ጉንፋን አይጋባም። በደም፣ በትውከት፣ በላብ፣ ከሰውነት በሚወጣ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ የሚይዘው የሚያስታምመውን ነው። እናትን፣ እህትን፣ ነርስን። ሬሳ አጥቦ የሚገንዘውንም ይይዛል። የጉሉ ሰዎችም እንደ እኛው ሬሳቸውን ያከብራሉ፣ ያጥባሉ፣ ይሰናበታሉ። በሽታው ያንን ፍቅር መንገድ አደረገው። ጨካኝ የሚያሰኘውም ይሄ ነው። ሸሽቶ የሄደውን ትቶ ጎንበስ ያለውን ይይዛል።

ነርሶች መሞት ጀመሩ። በኅዳር አጋማሽ አካባቢ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ሰው ሞተ፣ ከሞቱት መካከል የሆስፒታሉ ሠራተኞች አሉ። ሠራተኛው ተነሣ። ወደ 400 ሰው አዳራሽ ሞላ። ሆስፒታሉ ይዘጋ አሉ። እኔ በዚያ አዳራሽ ብኖር ይዘጋ ከሚሉት ጋር እጄን አወጣ ነበር ብዬ አስባለሁ። ልጅ አለኝ።

ማቲው አልተቆጣም። ሮሮውን ሁሉ፣ ምሬቱን ሁሉ ተቀመጠና ሰማ። ለሰዓታት ሰማ። ከዚያ ተናገረ። ሆስፒታሉ ከተዘጋ ጉሉን ለቅቄ እሄዳለሁ፣ ዳግም አልመለስም አለ። አማፂዎቹ የወሰዱት ጊዜ ለሆስፒታሉ ብሎ እንደሆነ አስታወሳቸው። ብቻዬንም ብሆን እሠራለሁ አለ። ስብሰባው ያለቀው በመዝሙር ነው። ሰዎቹ ተነሥተው ወደየዋርዳቸው ተመለሱ።

እንግዲህ ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ። ጊዜ ወስጄ ልናገረው።

ከዚያ ስብሰባ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው፣ ኅዳር 11 ቀን። በማግስቱ እኛ እዚህ ኅዳርን ልናጥን ነው። ጉሉ ሊነጋ ሲል፣ ማግለያ ክፍል ውስጥ አንድ የላኮር ነርስ ሊሞት ያጣጥራል። የራሳቸው ባልደረባ ነው። በኢቦላ ተይዟል። የኦክስጅን ማስኩን ነቅሎ ጥሎታል። ከአፍንጫው ከዓይኑ ደም ይፈሳል፣ ደም ያስለዋል። ጥንካሬ የተረፈው ወጣት ነው፣ ከአልጋው ተነሥቶ ኮሪደር ወጥቶ ይንገዳገዳል። አዳር ያደሩት ነርሶች ፈሩ። ደወሉ። ለማን ይደውሉ? ለማቲው።

ማቲው ከእንቅልፉ ተነሥቶ መጣ። ማስክ አደረገ። ኮፍያ አደረገ። ጋውን ለበሰ። ጓንት አጠለቀ፣ በላዩ ሌላ ጓንት። ሽርጥ ታጠቀ። ቦት ጫማ አደረገ። መነጽር አላደረገም።

ብቻውን ገባ። ያን ታማሚ ደግፎ ወደ አልጋው መለሰው። አስተኛው። አጸዳው። ታማሚው ብዙም ሳይቆይ አረፈ።

ለምን መነጽር ሳያደርግ ገባ? ይሄን ጥያቄ ስንት ሌሊት እንደጠየቅኩት። ለሌላው ሁሉ ደንቡን ያስተማረው እሱ ነው። ከስድስት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ነው። መነጽር ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሙቀት ሲበዛ በላብ ይደበዝዛል፣ እጅህን አታይም። እነዚህ ሁሉ ይኖሩበታል። እኔ ግን ሌላም ይታየኛል። ልጁ ሊወድቅ ነው። ልጁን ያውቀዋል። ቸኮለ። አንጀቱ አልቻለም።

ዓይን ቆዳ የለውም። ስስ ነው፣ እርጥብ ነው፣ በሩ ክፍት ነው። ሊሞት ያለ የኢቦላ ሕመምተኛ ደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ ደግሞ ከሁሉም ጊዜ የበዛ ነው። አንዲት ጠብታ ትበቃለች። ማንም አላያትም። እሱም አላያትም።

ኅዳር 17 ትኩሳት ጀመረው። መጀመሪያ ጉንፋን ነው፣ ወባ ነው ተባለ። ሁላችንም የታመመ ጓደኛ ሲኖረን እንዲህ እንላለን። ኅዳር 21 ውጤቱ ታወቀ። እኛ ጽዮንን የምናከብርበት ቀን ነው። ለእኔ ከዚያ ወዲህ ያ ቀን ሁለት ስም አለው። እሱ ከሌሎቹ ጋር እዚያው ማግለያ ክፍል እንዲያስተኙት ጠየቀ።

ባለቤቱ ከካምፓላ መጣች። ሙሉ ልብስ ለብሳ፣ ተጠቅልላ ነው የምትገባው። ልታቅፈው አትችልም። በጓንት እግሩን መንካት ብቻ ነበር የተፈቀደላት ይባላል። እሱ ተኝቶ እያለ እንኳ ተጠንቀቂ ነበር የሚላት። ሌሊት ሲጸልይ የሰሙት ደግሞ፣ በሥራዬ ላይ የምሞት ከሆነ የመጨረሻው እኔ ልሁን ሲል ነበር ብለዋል።

ኅዳር 26፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 5 ቀን 2000፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፎ ሞተ። በዚያው ቀን ተቀበረ። የኢቦላ ቀብር ነው፣ ለቅሶ የሚደረስበት ዓይነት አይደለም። የሸፈኑት ሰዎች የመከላከያ ልብስ ለብሰዋል፣ ክሎሪን ይረጫል፣ ቤተሰብ ራቅ ብሎ ቆሟል። የተቀበረው ከሉሲል ቲስዴል ጎን ነው። ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ መቃብር እሱ ነው። አንዱ በኤችአይቪ፣ አንዱ በኢቦላ። ሁለቱንም ያገኛቸው የሚያክሙት ሰው ደም ነው።

ወረርሽኙ ማብቃቱ የታወጀው በፌብሩዋሪ 2001 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። 425 ሰው ታመመ፣ 224 ሞተ። ያኔ ከታዩት የኢቦላ ወረርሽኞች ሁሉ ብዙ ሰው ያመመው ይሄ ነበር። ማቲውን ጨምሮ 13 የላኮር ሠራተኞች አልቀዋል። የዳነውን ደግሞ መቁጠር አንችልም። ያ ሌሊት ካርድ ሲገላበጥ ባይታደር፣ ያ ስልክ ባይደወል፣ በሽታው በጦርነት የተፈናቀለ ሕዝብ የታጨቀባቸው ካምፖች ውስጥ እንዴት ይሠራ እንደነበር ግምቱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ሲስተር ይሄን ታሪክ ስትነግረኝ እዚህ ላይ ቆመች። ሻይዋ ቀዝቅዟል። «ታውቃለህ» አለችኝ፣ «እኔ የማዝነው መሞቱ ላይ አይደለም። ብቻውን መግባቱ ላይ ነው።»

ያኔ አልገባኝም። ኋላ ነው የገባኝ።

ማቲው ከሞተ በኋላ ስንቱ ሄደ። በ2014 እ.ኤ.አ. ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ሲመታ ከ11,000 በላይ ሰው ነው የሞተው፣ ከዚያ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩት የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ሌጎስ ላይ ዶክተር አሜዮ ስቴላ አዳዴቮ የምትባል ሐኪም ነበረች። ከላይቤሪያ የመጣን በሽተኛ «ልቀቂው» የሚል ግፊት ሲመጣባት፣ ከሆስፒታሉ አይወጣም ብላ ያዘችው። በሽታው ሳይሰፋ ተያዘ። ያን የሚያህል ሕዝብ ያለባት ናይጄሪያ 20 ሰው ታሞባት 8 ሞተው አበቃ። ከስምንቱ አንዷ እሷ ናት። ከእኛም ሀገር በዚያው ዓመት ዲሴምበር 187 ፈቃደኛ የጤና ባለሙያዎች በአፍሪካ ኅብረት በኩል ወደዚያ ሄደዋል። እነሱ ሲሸኙ ሲስተር ቴሌቪዥን ፊት ቆማ ስታጨበጭብ ትዝ ይለኛል። በጃንዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. ካምፓላ ላይ ያው የጉሉው ዓይነት ኢቦላ ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ የገደለው ማንን ነው? ነርስ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የኢቦላ ዘመድ የሆነው ማርበርግ ሀገራችን መግባቱ ሲረጋገጥ ከሞቱት መካከል እነማን ነበሩ? የጤና ባለሙያዎች። ጂንካ ሩቅ አይደለም። ከዚህ ክፍል አንዳንዶቻችሁ እዚያ ትመደባላችሁ።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ።

ሲስተር ለስላሳ ሰው ነበረች። ስትራመድ አትሰማም። የታማሚ ትራስ ስታስተካክል አንገቱን በመዳፏ ይዛ ነው፣ እንደ ሕፃን። አንድ ጊዜ አንድ አስታማሚ ሰድቧት፣ እኔ ልናገረው ስነሣ ክንዴን ይዛ «ተወው፣ እናቱ ናት የተኛችው» ብላኛለች። ግን በአንድ ነገር አትቀልድም። ያ የማቲው ታሪክ ውስጧ ገብቶ ነበር። ኮቪድ ሲመጣ፣ በሠራንበት ሆስፒታል ያኔ መነጽር አልነበረም ማለት ይቻላል። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፣ የብየዳ ሠራተኞች የሚያደርጉት ዓይነት ብርሃን የሚያሳይ መነጽር ከመርካቶ ሰባት ስምንት ገዛች። በገንዘቧ። በበረኪና ውሃ እያጠበች፣ በጥቁር የጫማ ክር እያሰረች፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በር እጀታ ላይ ትሰቅላቸዋለች። ደርድራ። እዚያ በር ላይ ትቆማለች። ዶክተርም ሁን፣ የጽዳት ሠራተኛም ሁን፣ ሳታደርግ አታልፍም። «ዓይንህን ልየው» ትላለች። በጣቷ ክሩን ከጆሮህ ኋላ ታስተካክላለች። ከዚያ ግባ ትልሃለች።

አንድ ሌሊት በሩ ላይ መነጽር አለቀ። የተቀየረው ተረኛ ይዞት ወጥቶ ይሁን፣ ተሰብሮ ይሁን፣ አልታወቀም። አንዲት ወጣት ነርስ ኦክስጅኑ የወረደ ታማሚ ጋ ልትገባ ትጣደፋለች። ሲስተር የራሷን አውልቃ አደረገችላት። እሷ የፊት መሸፈኛ ብቻ አድርጋ ተከትላት ገባች። የያዛት በዚያ ሌሊት ነው ብዬ መማል አልችልም። የኮቪድን መንገድ ማን ያውቃል። በየቀኑ እዚያ ነበረች። ግን ያቺ ወጣት ነርስ እስከ ዛሬ ያ ሌሊት ነው ትላለች። ስናገኛት የምታወራው ሌላ ነገር የለም። እኔም ያን ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከኮሪደሩ ሌላ ጫፍ ነበርኩ። ሲስተር በር ላይ ቆማ የሁላችንን ዓይን ታያለች። የእሷን ዓይን የሚያይ ሰው ግን በሩ ላይ አልነበረም።

ያኔ ነው የማቲው ነገር የገባኝ። የዋህ ሰው ራሱን ይረሳል። ተፈጥሮው ነው፣ ብትነግረውም አይለወጥም። ያንን የዋህነቱን ነው የምንወድለት፣ ያንን ድፍረቱን ነው የምናወድስለት። ታማሚው ኮሪደር ላይ ሲንገዳገድ ቆሞ መነጽር የሚፈልግ ልብ የለውም። መነጽሩን መፈለግ ያለበት ሌላ ሰው ነው። በሩ ላይ የሚቆም ጓደኛ። ማቲው በዚያ ሌሊት እውቀትም ድፍረትም ሞልቶት ነበር። የጎደለው እጁን ይዞ «ቆይ፣ ዓይንህ» የሚለው አንድ ሰው ነው። ደግሞ ነርሶቹን አልወቅስም። ፈርተው ነበር፣ ባልደረቦቻቸው እየሞቱ ነበር። ዛሬ በየኢቦላ ማዕከሉ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚገቡት። አንዱ የአንዱን ልብስ ያያል፣ ሲያወልቁም ቆሞ የሚያዝ ሰው አለ። ማውለቁ ከመልበሱ ይከፋልና። ይሄ ደንብ በብዙ ሰው ሞት የተገዛ ነው።

ሲስተር ከታመመች በኋላ አንድ ጊዜ ገብቼ አየኋት። ሙሉ ለብሼ ነው፣ በዓይኔ ብቻ ነው የምታውቀኝ። በኦክስጅን ማስክ ውስጥ ሆና እጇን አንሥታ ወደ ፊቴ ጠቆመች። ምን ፈለገች ብዬ ጎንበስ አልኩ። የመነጽሬ ክር ላልቶ ነበር። ወጥቼ አጥብቄው ተመለስኩ። ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ነገር አልተባባልንም።

የእሷ መነጽሮች ሦስቱ እኔ ጋ አሉ። ፕላስቲኩ ተጭሯል፣ ክሩ ግን ያው ነው። አንዱን ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፣ እነሆ። ከዚህ በኋላ ወደ ልምምድ ክፍል እንወርዳለን። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ትለብሳላችሁ። በሩ ላይ እኔ አልቆምም፣ እናንተ ናችሁ የምትቆሙት፣ በየተራ። ጓንት ትላላችሁ፣ አለ ይላል። ማስክ፣ አለ። ጋውን፣ አለ። ከዚያ ፊት ለፊቱ ቆማችሁ ዓይኑን ታያላችሁ። ክሩን በእጃችሁ ከጆሮው ኋላ ታስተካክላላችሁ። ግባ የምትሉት ከዚያ በኋላ ነው።